ተረቺው ምን ይዞ ይመለሳል?
(ስለ ጎጃም ችሎትና ፍርድ ቤት)

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል የአገራችን ሰው። ይህን የተናገረው ሰው የበቅሎንና የጭብጦን ዋጋ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በቅሎውን ተረትቶ ሲያስረክብ ለምን እንዳስረከበ ያውቃል፤ ነገሩ በሰው ፊት ተነግሯል፣ ምስክር ተሰምቷል፣ ዳኛውም ፈርዷል። ጭብጦውን ሲነጠቅ ግን ምክንያቱን የነገረው የለም። ቁጭቱ ከዚህ ላይ ነው።

ስለ ፍርድ ቤት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ዳኛው፣ ስለ ጠበቃውና ስለ ረቺው ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን አንባቢ ዓይኑን ለጥቂት ጊዜ ወደ ተረቺው እንዲያዞር እለምናለሁ። ረቺ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዘመን ደስ ብሎት ይሄዳል። የአንድ ፍርድ ቤት ደግነት የሚታወቀው ተረቺው ወደ መንደሩ ሲመለስ ለምን እንደ ተረታ ለጎረቤቱ መናገር ሲችል ነው። ይህን ለመመርመር ከጎጃም የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ጎጃም ርስቱን በአፉ ሲጠብቅ የኖረ አገር ነውና፤ ደብረ ማርቆስም ለብዙ ዘመን የዚያ ሁሉ ሙግት መድረሻ ሆና ኖራለች። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤት ሳይሠራለት የነበረ ችሎት

ዛሬ «ፍርድ ቤት» ስንል በሐሳባችን የሚመጣው ሰንደቅ ዓላማ የተሰቀለበት፣ በረንዳው በሰው የተሞላ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው። አባቶቻችን ግን ፍርድን ከቤት ጋር አያይዘው አያውቁም ነበር። ዳኛው የተቀመጠበት፣ ባለጉዳዮቹ የቆሙበት፣ ሰሚውም የተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ ችሎት ነው። የዋርካ ጥላ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የገዢው አዳራሽ ደጃፍ ችሎት ሆነው አገልግለዋል። ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችውና በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ በተባለችው ከተማ በ1873 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥታቸውን ባቆሙ ጊዜ፣ በዘመኑ ልማድ ግብር የሚበላበት ግቢ አቤቱታ የሚሰማበትም ግቢ ነበር። ገዢ ባለበት ችሎት አለ።

ይህም ብቻ አይደለም፤ መንገደኛው ሳይቀር ዳኛ ይሆን ነበር። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን ይሰበስባል፤ በዚያ የሚያልፍ ሰውም ቆሞ ነገራቸውን ይሰማል። ጉዳዩ ከእሱ አቅም በላይ ከሆነ ወደ ሹም ይወስዳቸዋል። እንዳይጠፋፉም የከሳሽና የተከሳሽ የነጠላ ጫፍ ይቋጠርና አብረው ይጓዛሉ። ይህ ቁራኛ ይባላል። እንግዲህ ሕጉን የሚያስከብረው ፖሊስ ወይም ወታደር ሳይሆን ቃሉ ነበር ማለት ነው።

ሙግቱ የሚካሄደው በተጠየቅ ነው። ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ዘንጋቸውን ጨብጠው፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይጠያየቃሉ። አንዱ ነገሩን በምሳሌ ሸፍኖ ይወረውራል፤ ሌላው ሽፋኑን ገልጦ ይመልሳል። ነገሩ ሲከር በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ይወራረዳሉ። ምስክር ይቆጠራል፣ ዋስ ይጠራል። በታላላቅ ችሎቶች ደግሞ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች በየተራ አስተያየታቸውን ይሰጣሉ፤ የሚጀምረውም ከታናሹ ነው። የታላቁ ቃል ቀድሞ ከተሰማ ታናሹ የልቡን አይናገርምና ይህ ሥርዓት ብልኅነት አለበት።

ከብት የሚጠብቀው ልጅ፣ ውኃ የምትቀዳው ሴት፣ ከገበያ የሚመለሰው ነጋዴ ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ትምህርት ቤት ባልነበረበት አገር ሰው መናገርን፣ መጠየቅን፣ የቃልን ስንጥቅ ማየትን የተማረው እዚህ ነው። ስለ አገራችን የንግግር ጥበብ ሲነሣ ቅኔ ቤት ብቻ የሚታወሰን ከሆነ የሕዝቡን ዩኒቨርሲቲ ረስተናል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ ማሞገስ አይገባም። አንደበት የሌለው ሰው እውነት ይዞ ይረታ ነበር። የውርርዱ ገንዘብ ለዳኛው የሚገባ ስለ ሆነ ለድኻው ሙግት ከባድ ዕዳ፣ ለዳኛው ግን ገቢ ነበር። ሌባው ወይም ገዳዩ ባልታወቀ ጊዜ አገሬው ሁሉ ለአውጫጭኝ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪጠቆም ድረስም ምንም የማያውቀው ገበሬ ከእርሻው ተለይቶ ይውላል። ዳኛውም ሹም፣ ግብር ተቀባዩም ሹም በሆነበት ዘመን ከሹሙ ጋር የተጣላ ሰው ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

ቢሆንም አንድ ነገር ሊካድ አይችልም። በዚያ ችሎት የተነገረው ሁሉ ሰው በሚሰማው ቋንቋ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ በጎረቤት ፊት ነው። ተረቺው ባይወደውም ነገሩ ገብቶት ይሄድ ነበር።

ርስትና ሙግት

የጎጃምን ሰው «ነገር ይወዳል» እያሉ የሚቀልዱበት ብዙዎች ናቸው። ቀልዱን ትተን ምክንያቱን ብንመረምረው መልሱን የምናገኘው ከመሬቱ ሥሪት ላይ ነው።

በጎጃም ደጋ ርስት የሚገኘው ከአቅኚ አባት በመወለድ ነበር። ትውልዱም በአባት ብቻ የሚቆጠር አይደለም፤ በእናትም ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሰው በአባቱ አባት በኩል በአንድ ደብር፣ በእናቱ እናት በኩል ደግሞ በሌላ ደብር ድርሻ አለኝ ሊል ይችላል። ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ባለርስት ናት። ዋናው አባት ይታወቃል፤ ከእሱ በታች ያሉት ምንዝር አባቶች በስም ይጠራሉ፤ መሬቱም በእነሱ ስም ይከፈላል። እያንዳንዱ ወገን ስለ መሬቱ የሚቆምለት፣ ትውልድ የሚቆጥርለት ፈጅ አለው። አሜሪካዊው የማኅበረ ሰብ አጥኚ አላን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቷል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ባሳተመው መጽሐፉም በሰፊው ገልጾታል።

አሁን አንባቢ ያስብ። ሰው ሁሉ በብዙ በኩል ድርሻ አለኝ ማለት ከቻለ መሬቱ ለሁሉ ሊበቃ አይችልም። መብት ሁሉ የሚረጋው ሙግት ገጥሞ ማስረዳት ሲቻል ብቻ ነው። ከሳሹ ትውልዱን ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ሳይዘልል ይቆጥራል። ተከሳሹ «ይህ ስም ከየት መጣ? ይህች ሴት ልጅ አልወለደችም» ብሎ ሰንሰለቱን ለመበጠስ ይሞክራል። የአገር ሽማግሎች ቀርበው ከአባቶቻቸው የሰሙትን በመሐላ ይናገራሉ። ከሳሹ ሲረታ መሬቱ ተለክቶ በዕጣ ይከፈልለታል።

ከዚህ የተነሣ ችሎቱ የጎጃም የታሪክ መዝገብ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ቤተሰብ የሰባት ትውልድ አያቱን ስም ሳይረሳ የቆየው ለጌጥ ብሎ አይደለም፤ አንድ ስም ቢጎድል አንድ ማሳ ይሄዳልና ነው። ልጅ በእሳት ዙሪያ ትውልድ የሚያጠናው ነገ በችሎት እንደሚጠየቅ ስለሚያውቅ ነው።

ግን የሚጎዱም ነበሩ። በሆበን ጥናት እንደሚታየው ሹመት፣ ሀብትና አንደበት ያለው ሰው ትውልዱ ከሌላው ሳይበልጥ ብዙ መሬት ለመሰብሰብ ይችል ነበር። ሴቲቱ ባለርስት ብትሆንም በችሎቱ ፊት ቆሞ የሚሟገተው በአብዛኛው ባሏ ወይም ወንድሟ ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ብዙው እስላም ነጋዴ ደግሞ በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። ትውልድ ቆጥሮ መሬት የሚጠይቅበት መንገድ ስላልነበራቸው ይህ ሁሉ ክርክር በጆሯቸው የሚያልፍ ነበር። ስለዚህ «የሕዝብ ችሎት» ስንል የትኛው ሕዝብ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አዋጁ፣ መዝገቡና ሕንጻው

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ። በሚከተለው ዓመት የወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 2/1934 ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አቆመ። ከላይ ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም በየግዛቱ ያሉት የበታች ፍርድ ቤቶች ሆኑ። ደብረ ማርቆስ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ስለ ነበረች ከብቸና፣ ከሞጣ፣ ከቆላ ደጋ ዳሞት የሚመጣው ይግባኝ ወደ እሷ ይፈስ ነበር።

በ1939 ዓ.ም. ደግሞ የአጥቢያ ዳኞች አዋጅ ወጣ። አጥቢያ ዳኛ በአካባቢው የሚኖር ሰው ነው። ሥልጣኑ በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር፣ በወንጀል እስከ 15 ብር መቀጫ ድረስ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም አጥቢያ ዳኛው ስድብን፣ ቀላል ድብደባንና ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆትን በመጀመሪያ በዕርቅ እንዲጨርስ አዞታል። የሕጉ አርቃቂዎች ከሩቅ አገር የመጡ ሊቃውንት ቢሆኑም የዋርካው ጥላ ጨርሶ አልተዘነጋቸውም ነበር ለማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ታላላቆቹ ሕጎች ተከታትለው መጡ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጡ። የመጀመሪያውን ያረቀቀው የስዊስ ተወላጁ ዣን ግራቨን፣ ሁለተኛውን ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ብቻ 3,367 ቁጥሮች አሉት። ይኸው ሕግ በውስጡ ስለ ተደነገጉት ጉዳዮች ቀድሞ የነበረውን ልማድ ሁሉ ሽሮ በራሱ ተካው።

ይህ ሁሉ ያመጣው ጥቅም ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ፣ ነገር በመዝገብ ይጻፍ ጀመር። ምስክሩ ቢሞት ቃሉ አይሞትም። ሁለተኛ፣ ይግባኝ የታወቀ ደረጃ አገኘ። ሦስተኛ፣ የብቸናው ሰውና የሐረሩ ሰው በአንድ ሕግ መዳኘት ጀመሩ። አራተኛ፣ በመርሕ ደረጃ ዳኛና ገዢ የመለያየት መንገድ ያዙ። በመርሕ ደረጃ ያልሁት በብዙ ቦታ አገረ ገዢው ራሱ የፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ሆኖ ይቀመጥ ስለ ነበረ ነው።

ነገር ግን ከጥቅሙ ጋር አንድ ርቀት መጣ። ችሎቱ ግድግዳ አገኘ፤ ግድግዳውም ውጪና ውስጥ አበጀ። ቀድሞ ገበሬው በራሱ አንደበት ይናገረው የነበረው ነገር በወረቀት ካልተጻፈ የማይሰማ ሆነ። ነገሩን በምሳሌ ይወረውር የነበረው ሰው «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ»፣ «የሥረ ነገር ሥልጣን»፣ «ይርጋ» የሚሉ ቃላት ገጠሙት። ቃላቱ አማርኛ ናቸው፤ ለእሱ ግን ባዕድ ናቸው።

ፍርድና መሬት እንዲህ የተሳሰሩበት አገር መሆኑን ያላስተዋለ መንግሥት ምን እንደሚገጥመው በ1960 ዓ.ም. ታየ። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ መሬት ሊለካ፣ ርስትም ሊወሰድ ነው ብሎ ተነሣ። ሞጣ፣ ብቸናና ዳሞት የዚያ ዓመፅ ዋና ቦታዎች ነበሩ። ገበሬው ድንበሩን በአፍና በችሎት አጽንቶ የኖረ ሰው ነው። በችሎት ሳይጠየቅ የሚዘረጋ ገመድ ያለ ፍርድ የምትሄድ ጭብጦ መስሎ ታየው።

በፍርድ ቤቱ ደጅ

የፍርድ ቤት ሥራ በአዳራሹ ውስጥ ብቻ የሚፈጸም የሚመስለው ሰው አንድ ቀን በደጁ ቢውል ሐሳቡን ይለውጣል። በደብረ ማርቆስም ሆነ በማናቸውም የጎጃም የወረዳ ከተማ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ትንሽ ዓለም አለ።

መጀመሪያ የሚታዩት ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ናቸው። ቀድሞ በቀለምና በብዕር፣ ኋላም በጽሕፈት መኪና ይጽፉ ነበር፤ ዛሬ በኮምፒዩተር ይጽፋሉ። ገበሬው ነገሩን ከአያቱ ጀምሮ ይተርካል፤ ጸሐፊው ያዳምጥና ከሁለት ሰዓት ወሬ አንድ ገጽ ያወጣል። በዚያ ገጽ ላይ የሰውዬው ዕድል ይቆማል። ይህ ለእኛ አገር ብቻ የተሰጠ ነገር እንዳይመስለን፣ በጥንታዊት አቴና ሊሲያስ የተባለው የንግግር ሊቅ ለባለጉዳዮች ክርክራቸውን በዋጋ ይጽፍላቸው ነበር። ልዩነቱ የአቴናው ባለጉዳይ የተጻፈለትን አጥንቶ በራሱ አፍ መናገሩ ነው። የእኛ ገበሬ ግን በስሙ የተጻፈውን ብዙ ጊዜ ሳያነበው በጣቱ ይፈርምበታል።

ቀጥሎ ሻይ ቤቱ፣ ጠላ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱና ማረፊያው አለ። ከስናን ወይም ከማቻከል የመጣ ባለጉዳይ ምስክሮቹን ይዞ ይመጣል፤ ምስክር ደግሞ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያድራል። በገበያ ቀን ቀጠሮ ያለው ሰው እህሉንም ይዞ ይመጣና ጉዳዩንና ሽያጩን አንድ ላይ ይፈጽማል። የተጣሉት ሰዎች በአንድ መኪና መጥተው በአንድ መኪና ይመለሳሉ። አንዳንዱም በረንዳው ላይ ቀጠሮ ሲጠብቅ በሽማግሌ ተይዞ፣ ይቅር ተባብሎ፣ መዝገቡን አዘግቶ ይሄዳል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም ተከራካሪዎች በማናቸውም ጊዜ ቢታረቁ ስምምነታቸውን ለፍርድ ቤቱ እንዲያቀርቡ በሩን ክፍት አድርጎላቸዋል። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ራሱ የዕርቅ ምክንያት ሲሆን እናያለን፤ ክሱ ባይኖር ሽማግሌውም አይሰማም ነበርና።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ቀጠሮ ነው። ገበሬው ከከተማ ሲመለስ በመንገድ ያገኘው ጎረቤቱ ይጠይቀዋል፤

— አያ፣ እንዴት ሆነልህ?
— ቀጥረውኛል።
— ምን አሉህ?
— እኔ እንጃ፤ መዝገቡ አልደረሰም ነው የሚሉት።

ይህን ንግግር ከጎጃም የመጣን ሁላችን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። «ቀጥረውኛል» የሚለው ቃል ምክንያት የለበትም። ሰውዬው አልረታም፣ አልተረታምም፤ የሆነውን ነገር ግን አያውቀውም።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ በጎጃም የብዙ መቶ ዓመት ሙግት መሠረቱ ተነቀለ። ከአቅኚ አባት ጀምሮ ትውልድ መቁጠር መሬት የማያስገኝ ሆነ። የመሬት ክርክር ለገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ተሰጠ። ሸንጎው በአንድ በኩል ፍርድን ወደ መንደር መለሰ፤ ገበሬው በገበሬ ተዳኘ። በሌላ በኩል ደግሞ ዳኝነቱ ከማኅበሩ ሥልጣንና ከፖለቲካው ጋር ተቀላቀለ።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው የመሬት ሽግሽግ ለዚህ ጽሑፍ ዋና ምሳሌ ይሆነናል። መሬት ለሌለው ወጣት መሬት መስጠት የሚነቀፍ ዓላማ አይደለም። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ገበሬ «ቢሮክራት» ወይም «የፊውዳል ርዝራዥ» ተብሎ በስም ተመድቦ መሬቱ ሲቀነስበት፣ ስሙ የተሰጠው በኮሚቴ እንጂ በክርክር አልነበረም። ብዙ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች ዓባይን ተሻግረው እስከ አዲስ አበባ ለአቤቱታ የሄዱት ለዚህ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው ይህን ያህል መንገድ የሚሄደው መሬቱን ለማስመለስ ብቻ አይመስለኝም፤ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ የሚሰማ ወንበር ፍለጋም ነው።

ከዚያ ወዲህ የይዞታ ደብተር መጣ። ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዱ በጎዛምን ወረዳ የሚገኘው አዲስና ጉሊት ቀበሌ ነው። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል፤ ይህም ቀድሞ በባሏ ወይም በወንድሟ አንደበት ትሟገት የነበረችውን ሴት በራሷ ስም በችሎት ፊት እንድትቆም አድርጓታል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ክርክር ሲነሣ በመጀመሪያ በውይይትና በመረጧቸው ሽማግሎች እንዲጨረስ ይመክር ነበር። እንዲህ ሆኖ የመሬት ሙግት ሌላ መልክ ያዘ። የአያትን ስም መቁጠር ቀርቶ የደብተር ቁጥርና ወሰን ማሳየት ተተካ። ሙግቱ ግን አልቀረም።

ዛሬ ባለጉዳዩ በወረዳው ፍርድ ቤት ይጀምራል፤ ከዚያ ደብረ ማርቆስ ወዳለው የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎም ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ከተባለ ደግሞ አዲስ አበባ እስካለው ሰበር ሰሚ ችሎት ይደርሳል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። መሰላሉ ረጅም መሆኑ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ የሚወጣው ሰው የመኪና፣ የምግብና የጠበቃ ዋጋ ተሸክሞ ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በነበረው ውጊያ ደግሞ የመንግሥት ሥራ በብዙ ወረዳ ሲስተጓጎል ችሎትም አብሮ ተስተጓጉሏል። ፍርድ ቤት ሲዘጋ ጠብ አይዘጋም። ሰው ወደ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ሽማግሌ ያልበገረው ደግሞ ወደ ጠመንጃው ያያል። ደም የገባባቸውን ወገኖች ደም የሚያደርቁ ሽማግሎች ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። ሆኖም ሽማግሌ የሚታረቁትን እንጂ የማይታረቀውን ሊያስገድድ አይችልም፤ ደካማዋንም ሴት «ለአገር ሰላም ሲባል» ብሎ መብቷን ሊያስተዋት ይችላል። ዕርቅ ፍርድ ቤትን ይደግፋል፤ ሊተካው ግን አይችልም።

ምን ይደረግ?

ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። የዋርካው ችሎት ተመልሶ ይምጣ የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። በውርርድ የሚሸነፍ ድኻ፣ ከሹሙ ጋር የሚሟገት ጭሰኛ፣ ትውልድ ቆጥሮ የሚጠይቀው መሬት የሌለው ሸማኔ ያን ዘመን አይናፍቁትም። ነገር ግን ያ ችሎት የነበረውን አንድ ሀብት፣ ማለትም ነገሩ ለተረቺውም ለሰሚውም መግባቱን፣ አዲሱ ፍርድ ቤት ሊወርሰው ይገባል።

ሕጉ ራሱ ይህን ያዛል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 182 ፍርድ ሲሰጥ የተያዘው ጭብጥ፣ የተሰጠው ውሳኔና የውሳኔው ምክንያት እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ ፍርዱም በግልጽ ችሎት እንዲነበብ ያዛል። የሚቀረው ምክንያቱ ገበሬው በሚሰማው አማርኛ መነገሩ ነው። «ክሱ በይርጋ ቀሪ ሆኗል» ብሎ መዝገቡን ከመዝጋት ጋር «አንተ ሰው፣ መብትህን በጊዜው ስላልጠየቅህ ሕጉ ከእንግዲህ አይሰማህም፤ እውነተኛ አይደለህም ማለት ግን አይደለም» ብሎ ሁለት ደቂቃ መናገር ዳኛውን ምን ይጎዳዋል? በዚህ ሁለት ደቂቃ ምክንያት አንድ ሰው ቂም ሳይዝ ወደ ቤቱ ይገባ ይሆናል። ቀጠሮም ሲለወጥ ለምን እንደ ተለወጠ ቢነገር፣ ተዘዋዋሪ ችሎትም ወደ ሩቁ ቀበሌ እየሄደ ጎረቤት በሚሰማበት ቦታ ቢቀመጥ፣ ርቀቱ በመጠኑ ይቀንሳል።

ከዚህ ላይ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ይነሣል። ከመካከላችን የሕግ ተማሪዎች የሆናችሁ ነገ ከወንበሩ ላይ ትቀመጣላችሁ። የሕግ ትምህርት ቤቶች በከፈቷቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ጣቢያዎች የምታገለግሉም አላችሁ፤ ለባለጉዳዩ ማመልከቻውን ጽፋችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ አንብቡለት። የሥነ ጽሑፍና የቋንቋ ተማሪዎች የሆንነው ደግሞ ሌላ ሥራ አለን። የተጠየቁን ንግግር፣ የርስት ሙግቱን አቀራረብ፣ የፈጆቹን የትውልድ ቆጠራ የሚያስታውሱት ሽማግሎች ዛሬ በጣም አርጅተዋል። በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንሄድ ደብተርና መቅረጫ ይዘን ብንጠይቃቸው አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ከመቃጠል ማዳን ነው። የሕጉንም ቋንቋ ከሕዝቡ ቋንቋ ጋር ማስታረቅ የእኛ የትምህርት ክፍል ሥራ ነው እንጂ የማንም አይደለም።

«ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚል ምሳሌ አለ። የጎጃም ገበሬ ዳኛ ባገኘ ጊዜ መናገርን ያውቅበታል፤ አባቶቹ አስተምረውታል። አሁን የሚፈለገው የሚመልስለት ዳኛ ነው። ያን ጊዜ በቅሎውንም ቢረታ ይረታ፤ ወደ መንደሩ ሲመለስ ጎረቤቱ «ምን አሉህ?» ሲለው የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።